ማግኔት አንጎልን ያክማል? መሬት ከመሸጣችን በፊት ልናውቀው የሚገባ ነገር

ኮተቤ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት በአንድ ጁምዓ ከዐስር ሶላት በኋላ ቤታችን መጡ። ልጃቸውን አውቃታለሁ፤ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ሰባት ወር ሆኗታል ትምህርቷን ከተወች። እንቅልፍ የላትም፣ ምግብ አትቀምስም፣ ሰው ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ዘመድ «ዓይን ነው» አለ፣ ጎረቤት «ሲህር ነው» አለ። ሦስት ወር ከራቂ ራቂ ተዞረ። በመጨረሻ ሆስፒታል ሄዳ «ድባቴ ነው» ተብሎ መድኃኒት ታዘዘላት። በ12ኛው ቀን ግን እናቷ አስቆሟት። «አፏን አደረቀው እንጂ ምንም አልለወጣትም» አሉኝ።

ያን ቀን ያመጣቸው ሌላ ጉዳይ ነው። ጅዳ የሚኖር አጎቷ በስልክ ቪዲዮ ልኳል። አንዲት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ስምንት ቁጥር የመሰለ ጥቁር ነገር ጭንቅላቷ ላይ ተደግፎ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ቀጥሎ ሴትየዋ እየሳቀች ትታያለች። አጎትየው «ህንድ አገር ወስዳችሁ በማግኔት አሳክሟት» ብሏል። እናትየውም ሟች ባለቤታቸው ለገጣፎ ላይ ያስቀሩላቸውን ቦታ ሊሸጡ ወስነዋል። ደላላው በማግስቱ ሊመጣ ነው። «ልጄ፣ አንተ መምህር ነበርክ። ይህ ነገር እውነት ነው ወይስ ማታለያ?» አሉኝ።

እኔ የተማርኩት ኢስላማዊ ጥናት ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ያልኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ደላላውን ለሳምንት ያቆዩት።» በዚያ ሳምንት አነበብኩ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪምም ጠየቅኩ። ይህ ጽሑፍ ለእሳቸው የሰጠሁት መልስ ነው። ተመሳሳይ ቪዲዮ የደረሳችሁ፣ ተመሳሳይ ውሳኔ ፊት የቆማችሁ አንባቢያን ብዙ እንደምትሆኑ ስለማምን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ምሰሶው ላይ ያለው ትራንስፎርመር

በየሰፈራችን የመብራት ምሰሶ ላይ ትራንስፎርመር ተሰቅሏል። በውስጡ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ። ሽቦዎቹ አይነካኩም፤ ሆኖም በአንዱ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በሌላው ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሳል። የሚያገናኛቸው የማግኔት ኃይል ነው። ይህን ሕግ እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ነው ያገኘው።

በቪዲዮው ላይ የታየው መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ስሙ ትራንስክራኒያል ማግኔቲክ ስቲሙሌሽን፣ ባጭሩ ቲኤምኤስ ይባላል። በፕላስቲክ የተሸፈነው ስምንት ቁጥር ውስጡ የመዳብ ሽቦ ጥቅል ነው። ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ብርቱ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ከ1.5 እስከ 2 ቴስላ የሚደርስ የማግኔት ኃይል ይፈጥራል። ኤምአርአይ ተነስታችሁ ከሆነ የዚያ ማሽን ጉልበት ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው። የማግኔት ኃይል አጥንት አያግደውም። የራስ ቅልን አልፎ አንጎል ውስጥ ይገባና እዚያ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስነሳል። የአንጎላችን የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በኤሌክትሪክ ስለሆነ ያ ትንሽ ምት ይቀሰቅሳቸዋል። ማለትም በትራንስፎርመሩ ምሳሌ አንደኛው ጥቅል መሣሪያው ነው፤ ሁለተኛው የሰው አንጎል ነው።

ቆዳ አይቀደድም፣ አጥንት አይበሳም፣ መርፌም ሰመመንም የለም። ታካሚው ነቅቶ፣ ተቀምጦ፣ እያወራ ነው። ምቱ ግን ጥልቅ አይሄድም፤ በተለመደው መሣሪያ ከጭንቅላት ቆዳ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለው የአንጎል ክፍል የሚነካው ከላይኛው ክፍል ጋር ባለው የነርቭ ትስስር አማካኝነት ነው።

ከዓሣ እስከ ማግኔት

ኤሌክትሪክን ለህክምና የመጠቀም ሐሳብ አዲስ አይደለም። በናይል ውኃ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የአምባዛ ዓይነት አለ። ዓረቦች «ረዓድ» ይሉታል፤ የሚያንቀጠቅጥ ማለት ነው። የባግዳዱ ሐኪም ዐብዱለጢፍ አል-ባግዳዲ እ.ኤ.አ. በ1200 ገደማ ግብፅን ሲጎበኝ ስለዚህ ዓሣ ጽፏል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለ ሐበሻ ምድር የጻፉ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ደግሞ የአገሩ ሰው የሚያንቀጠቅጠውን ዓሣ ለትኩሳት ህክምና ይጠቀምበት እንደነበር መዝግበዋል። አባቶቻችን ምክንያቱን ባያውቁትም ነገሩን ሞክረውታል ማለት ነው።

በኤሌክትሪክ መንቀጥቀጥ እያስነሱ የአእምሮ ህመምን ማከም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1938 ሮም ውስጥ ነው። ይህ በተለምዶ «ሾክ» የምንለው ኢሲቲ ነው። ብዙ ሰው ቲኤምኤስን ሲሰማ ይህን ያስባል፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። በኢሲቲ ኤሌክትሪኩ ሆን ተብሎ በአንጎል ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ያስነሳል። ዛሬ በአግባቡ ሲሰጥ ታካሚው በሰመመን ተኝቶ፣ ጡንቻው በመድኃኒት ላልቶ ነው። የማስታወስ ችሎታን ለጊዜው ሊያውክ ይችላል። ሆኖም መብላት መጠጣት ላቆመ፣ ሞትን ለሚመኝ፣ በጣም ለከፋ ድባቴ ዛሬም ከሁሉ የበረታ ህክምና ነው። በፊልም ባየነው ምክንያት ብቻ ልንሸሸው አይገባም። ቲኤምኤስ ግን መንቀጥቀጥ እንዲያስነሳ አይፈለግም፤ እንዲያውም እንዳይነሳ ጥንቃቄ ይደረግበታል።

እ.ኤ.አ. በ1980 ሜርተን እና ሞርተን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የነቃ ሰው አንጎልን ከውጭ በኤሌክትሪክ መቀስቀስ እንደሚቻል አሳዩ። ችግሩ ያማል፤ ኤሌክትሪኩ የጭንቅላት ቆዳን እያቃጠለ ነው የሚያልፈው። እ.ኤ.አ. በ1985 በሼፊልድ ከተማ አንቶኒ ባርከር እና ባልደረቦቹ ኤሌክትሪኩን በማግኔት ተክተው ያለ ሕመም ሠሩት። የዛሬው ቲኤምኤስ የተወለደው ያኔ ነው።

ተመራማሪ ምን ይሠራበታል?

መጀመሪያ ያገለገለው ለማከም ሳይሆን ለመመርመር ነው። ጥቅሉን እጅን በሚያዘው የአንጎል ክፍል ላይ አድርገው አንድ ምት ሲሰጡ፣ ሰውየው ሳያስበው አውራ ጣቱ ብድግ ይላል። ምቱ ከአንጎል ተነስቶ ጡንቻ ጋር እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ይለካል። ከዘገየ መንገዱ ላይ፣ ማለትም ከአንጎል እስከ ጡንቻ ባለው አንድ ቦታ ጉዳት ሊኖር ይችላል። ሐኪሙ ለህክምናም መጠኑን የሚወስነው በዚሁ ነው፤ አውራ ጣትን ለማንቀሳቀስ የሚበቃው ጉልበት ከሰው ሰው ስለሚለያይ መጀመሪያ እሱ ይለካል።

የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪሞችም ዕጢ ከማውጣታቸው በፊት የትኛው ቦታ እጅን፣ የትኛው ንግግርን እንደሚያዝ ካርታ ለመሥራት ይጠቀሙበታል። በስትሮክ እጃቸው የዛለ ሰዎችን ከአካል እንቅስቃሴ ህክምና ጋር አጣምሮ ለመርዳትም ጥናቱ እንደቀጠለ ነው።

ለየትኛው ህመም ተረጋገጠ?

የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቲኤምኤስን ለድባቴ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በ2013 ለአንድ ዓይነት ማይግሬን፣ በ2018 ደግሞ ኦሲዲ ለሚባለው ህመም ተፈቀደ። ኦሲዲ በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ «ወስዋስ» ተብሎ ብቻ የሚታለፈው ነው። አንድ ሰው ዉዱዑን አሥር ጊዜ ደጋግሞ፣ ቆዳው እስኪላጥ ታጥቦ፣ ሶላቱ እስኪያልፈው ከውኃው አልላቀቅ ሲል ምክር ብቻ የማይበቃው ህመም ሊሆን ይችላል። ህክምና አለው፤ የሚጀምረውም በማሽን ሳይሆን በመድኃኒትና በንግግር ህክምና ነው።

ለድባቴ ሲሰጥ ጥቅሉ በግራ ግንባር በኩል ይደገፋል። በሳምንት 5 ቀን፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቀጥላል። ቀድሞ እያንዳንዱ ቀጠሮ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስድ ነበር። በካናዳ በ414 ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ግን 3 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ አዲስ አሰጣጥ 37 ደቂቃ ከሚፈጀው እንደማያንስ አሳይቷል።

ውጤቱስ? በዚያ የካናዳ ጥናት ከታካሚዎቹ ግማሽ ያህሉ በግልጽ ተሻላቸው፤ ሙሉ በሙሉ ከድባቴ የወጡት ከሦስት አንድ ገደማ ናቸው። ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን በዚያ ጥናት ሁሉም ታካሚ እውነተኛውን ህክምና ነው ያገኘው። በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት 190 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለግማሹ እውነተኛውን፣ ለግማሹ የማስመሰያ ማሽን ሰጠ። ከድባቴ የወጡት ከመጀመሪያዎቹ 14 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 5 በመቶ ነበሩ። እንግዲህ ማሽኑ ይሠራል፤ ሆኖም ቪዲዮው እንደሚያሳየው የሁሉንም ሰው ፊት በአንድ ወር አያበራም።

ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በእነዚህ ጥናቶች የገቡት ሰዎች በአብዛኛው መድኃኒትን በበቂ መጠንና በበቂ ጊዜ ወስደው ያልተሻላቸው ናቸው። ቲኤምኤስ የተፈቀደውም በመጀመሪያ ለእነሱ ነው።

ስፖንጅና ባትሪ

ሌላም አለ፤ ቲዲሲኤስ ይባላል። ሁለት እርጥብ ስፖንጆች ግንባር ላይ ታስረው በጣም ደካማ የባትሪ ኤሌክትሪክ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ አምፔር፣ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ ይለቀቃል። የነርቭ ሴሎችን በኃይል አይቀሰቅስም፤ ለመቀስቀስ ቀረብ ወይም ራቅ ያደርጋቸዋል እንጂ። ዋጋው ርካሽ፣ አያያዙ ቀላል ስለሆነ በኢንተርኔት የሚሸጠው በአብዛኛው ይህ ነው።

ማስረጃው የተደባለቀ ነው። በብራዚል በ245 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2017 የታተመ ጥናት ከማስመሰያው እንደሚሻል፣ ከተለመደው የድባቴ መድኃኒት ጋር እኩል መሆኑን ግን ማሳየት እንዳልቻለ ደመደመ። በ2023 የታተመ የጀርመን ጥናት ደግሞ መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች ተጨምሮ ሲሰጥ ከማስመሰያው ልዩነት አላገኘበትም። ስለዚህ «አእምሮን ያሰላል»፣ «የልጆችን ኦቲዝም ያድናል» ብሎ መሣሪያ የሚሸጥላችሁ ሰው ቢመጣ፣ ያልተረጋገጠ ነገር እየሸጠ መሆኑን ዕወቁ።

ጉዳቱና ጥንቃቄው

የቲኤምኤስ የተለመደ ጉዳት ራስ ምታትና ጥቅሉ ያረፈበት ቦታ ማመም ነው፤ ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። ድምፁ ኃይለኛ ስለሆነ የጆሮ መድፈኛ ግዴታ ነው። አልፎ አልፎ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል፤ ይህ ከ1,000 ታካሚዎች በአንዱ እንኳ የማይደርስ ነው። ቢሆንም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ መናገር አለበት።

ጭንቅላቱ ውስጥ ወይም አጠገቡ ብረት ያለው ሰው ወደ ማሽኑ መቅረብ የለበትም። የመስሚያ ንቅለ ተከላ፣ በቀዶ ጥገና የገባ የደም ሥር መቆንጠጫ፣ በጦርነት የቀረ ፍንጣሪም ቢሆን። የልብ መምቻ መሣሪያ ያለውም እንዲሁ ሐኪሙን ያማክር። እህቶች የጆሮ ጌጥ፣ የፀጉር ማስያዣና የሒጃብ ስፒል ቀድመው ያውልቁ፤ ሴት ባለሙያ እንድትኖር መጠየቅም መብታቸው ነው።

ረመዷን ላይስ? በዚህ ህክምና በአፍም በመርፌም ወደ ሰውነት የሚገባ ነገር የለም። የሚያሳስበው እንቅልፍ ነው። እንቅልፍ ማጣት አንጎልን ለመንቀጥቀጥ ያቀርባል። ተራዊሕ አምሽቶ፣ ለሱሑር ነቅቶ፣ ጠዋት ማሽኑ ላይ የሚቀመጥ ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይደብቅ መናገር አለበት። መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሰዓቱን በራሱ አያዛውር፤ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ወደ ኢፍጣርና ሱሑር ሊያመቻችለት ይችላል።

ታዲያ ከየት እንጀምር?

ወደ እናትየው ልመለስ። ልጃቸው መድኃኒቱን የወሰደችው 12 ቀን ነው። እንደ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉ የድባቴ መድኃኒቶች ሙሉ ጥቅማቸው የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ጉዳታቸው ግን፣ የአፍ መድረቅም ሆነ ማቅለሽለሽ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል። ስለዚህ መጥፎው ሲታይ፣ መልካሙ ሳይደርስ ነው ያቋረጡት። ህንድ ቢሄዱም ሐኪሙ የሚጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄ «የትኛውን መድኃኒት፣ በምን መጠን፣ ለስንት ሳምንት ወሰደች?» የሚል ነው። የለገጣፎው ቦታ ተሽጦ የሚገኘው መልስ ኮተቤ ላይ ሊገኝ የሚችል ነው።

ይህን ስል በአገራችን ሁሉ ሞልቷል ማለቴ አይደለም። አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ለመሆን ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር፤ በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እዚሁ ማሠልጠን ጀመረ። በእኛው ሰፈር ያለው የካ ኮተቤ ሆስፒታልም መጀመሪያ ለአእምሮ ህክምና የታሰበ ነበር። በ2012 ዓ.ል ኮሮና ሲገባ የወረርሽኙ ማዕከል ስለሆነ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በዚያ ነው። የአእምሮ ህክምና ግን ዛሬም ይሰጥበታል። ከቤታችን በታክሲ የሚደረስ ነው።

ሌላው እንቅፋት ሩቅያና ህክምናን ማጋጨታችን ነው። እኛ ወደ ራቂ፣ ጎረቤቶቻችን ወደ እንጦጦ ጸበል እንወጣለን፤ ሁለታችንም ሐኪሙን መጨረሻ ላይ እናደርገዋለን። እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን ጥለው እንጦጦ ጸበል ሲሄዱ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ አሳስበው ነበር። በእኛም ዲን መታከም ከተወኩል ጋር አይጋጭም፤ ቁርኣን የሚቀራለት ሰው ክኒኑን የሚያቆምበት አንድም ምክንያት የለም። ይህን በየመስጂዱ ደጋግመን የመናገር ኃላፊነት የእኛ የዲን ተማሪዎች ነው።

እንግዲህ ማንኛውም የአንጎል ማነቃቂያ ህክምና ሲቀርብላችሁ፣ አገር ውስጥም ሆነ ውጭ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

- የህመሙ ስም ምንድን ነው? መርምሮ የወሰነው ሐኪም ማነው?
- መድኃኒትና የንግግር ህክምና በበቂ ጊዜ ተሞክሯል?
- ማሽኑ ለዚህ ህመም የተፈቀደ ነው ወይስ ለሌላ?
- ስንት ቀጠሮ ነው? ከ4 እስከ 6 ሳምንት የማደሪያና የምግብ ወጪውስ ተሰልቷል?
- አገር ከተመለስን በኋላ ህመሙ ቢያገረሽ ማን ይከታተላል?

አንድ ነገር ግን ለሳምንትም አይቆይም። ታማሚው ስለ መሞት ካወራ፣ ራሱን ለመጉዳት ካሰበ፣ ወይም መብላት መጠጣት ካቆመ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይወሰድ። ብቻውንም አይተው።

ደላላው ያን ሳምንት አልመጣም። እናትና ልጅ ተመልሰው ሐኪሙ ዘንድ ሄዱ፤ አፍ የሚያደርቀው መድኃኒት በሌላ ተቀየረ። ይህን ስጽፍ አምስተኛ ሳምንቷ ነው። ትናንት ለመግሪብ ስወጣ በራቸው ላይ ተቀምጣ ከእናቷ ጋር ጎመን ስትቀነጥስ አየኋት። ዳነች አልልም፤ ሐኪሟም ገና ነው ይላል። መድኃኒቱ ካልበቃ ማግኔቱ ያኔ ይታሰባል፤ ቦታውም አለ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋእ፣ ለሚያስታምሙት ሰብር ይስጥልን።